«ወላጅ አምጣ» ከማለት በፊት፦ ትምህርት ቤትና መከራ ያለፈባቸው ልጆች

በአገራችን ትምህርት ቤቶች የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ሲነሳ የመጀመሪያው ትእዛዝ «ወላጅ አምጣ» ነው። ያረፈደ፣ የተደባደበ፣ የቤት ሥራ ያልሠራ፣ ክፍል ውስጥ የተኛ ልጅ ከዩኒት ሊደሩ ቢሮ ይህን ሰምቶ ይወጣል፤ ወላጅ እስኪያመጣም ክፍል አይገባም። ትእዛዙ ልጁ የሚያመጣው ወላጅ እንዳለው አስቀድሞ ይገምታል። አባቱን በጦርነት ያጣ፣ እናቱ ዓረብ አገር ያለች፣ ከተፈናቃዮች መጠለያ የሚመላለስ፣ ወይም ቤት ውስጥ የሚደበድበው ያው የተጠራው ወላጅ የሆነ ልጅ ምን ያድርግ? አንዳንዱ ከመንገድ ትልቅ ሰው ለምኖ «አጎቴ ነው» ብሎ ያቀርባል። ሌላው በዚያው ይቀራል።

በልጅነት የደረሰ ትራውማ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ በለቅሶ አይገለጽም። ንፋስ በሩን ሲያላትመው ዴስክ ሥር የሚገባ ልጅ አለ፤ ክፍሉ ይስቃል፣ መምህሩም ረባሽ ነው ብሎ ያስወጣዋል። ጓደኛው ከኋላ ትከሻውን ሲነካው ዞሮ በቡጢ የሚማታ አለ። ሌሊቱን ቅዠት ሲያባንነው አድሮ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ግንባሩን ደብተሩ ላይ ደፍቶ የሚያንቀላፋ አለ። ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስቡኝ ዝምተኞቹ ናቸው፣ በተለይም ሴቶቹ። አይረብሹም፣ እጃቸውን አያወጡም፣ ሰርተፍኬታቸው ላይ ጸባያቸው «በጣም ጥሩ» ተብሎ ይጻፋል፤ ውጤታቸው ብቻ ከመንፈቅ ወደ መንፈቅ ይወርዳል። ከነዚህ ሁሉ ምልክቶች ጀርባ ያለው ነገር ተመሳሳይ ነው። አደጋን መጠበቅ የለመደ አእምሮና አካል አደጋው ካለፈ በኋላም ዘብ መቆሙን አይተውም። እንዲህ ያለ ልጅ መምህሩ አከታትሎ የሰጠውን ሦስት መመሪያ መያዝ ያቅተዋል። ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም።

የልጅነት መከራ የሚያስከትለውን ጉዳት የሚመረምረውን የጥናት መስክ ዛሬ ያለበት ደረጃ ላይ በማድረስ በኩል ሐኪሞች ትልቅ ድርሻ አላቸው። ቪንሰንት ፌሊቲና ሮበርት አንዳ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በሳንዲያጎ ከተማ በመሩትና በጠቅላላው ከ17,000 በላይ አዋቂዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ሰዎች እስከ 18 ዓመታቸው ስለደረሰባቸው መከራ ተጠየቁ፦ ድብደባ፣ ወሲባዊ ጥቃት፣ የእናት መደብደብ፣ ቤት ውስጥ ሱሰኛ ወይም የአእምሮ ሕመምተኛ መኖር፣ የቤተሰብ አባል መታሰር። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው የመጀመሪያው ውጤት የመከራው ዓይነት በበዛ ቁጥር ድብርት፣ ሱስ፣ የልብ ሕመምና ራስን የማጥፋት ሙከራ አብረው እንደሚጨምሩ አሳየ። ጥናቱ ትልቅ ነው፤ ለኛ ሲመጣ ግን ጎዶሎ ነው። ተጠያቂዎቹ በአብዛኛው የተማሩና የጤና መድን ያላቸው ነበሩ፤ ጦርነትና መፈናቀልም ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበሩም። በኋላ አንዳንድ ተቋማት መጠይቁን እየበተኑ ለእያንዳንዱ ልጅ የመከራ ነጥብ መስጠት ሲጀምሩ፣ ራሱ አንዳ እ.ኤ.አ. በ2020 ነጥቡ አንድን ግለሰብ ለመመርመር እንዳልተሠራ ጽፏል። ለአንድ ክፍል ተማሪዎች «ምን ደረሰባችሁ?» የሚል ቅጽ ማደል ትምህርት ቤት ሊያደርገው የማይገባ ነገር ነው፤ ከጠየቀ በኋላ የሚሰጠው ነገር ከሌለው ደግሞ ይብሳል።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ የተሻለ ማስረጃ አለን። በሎስ አንጀለስ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የተቀረጸው፣ «ሲቢትስ» በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ፕሮግራም ጥቂት ልጆችን በቡድን ሰብስቦ ለ10 ጊዜ ያህል ያገናኛል። ልጆቹ ሰውነታቸውን ማርገብን፣ የሚያስፈራቸውን ሐሳብ መፈተሽን፣ የሸሹትን ነገር ቀስ በቀስ መጋፈጥን ከሠለጠነ ባለሙያ ይማራሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመውና 126 የ6ኛ ክፍል ተማሪዎችን በዕጣ ለሁለት የከፈለው ሙከራ ከሦስት ወር በኋላ በታከሙት ልጆች ላይ የትራውማ ምልክትና ድብርት በግልጽ መቀነሱን አሳየ። መምህራኑ ግን በክፍል ውስጥ ባሕርይና በትምህርት አቀባበል በሁለቱ ቡድኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አላዩም።

ከዚህ ጎን የቱርኩን ጥናት ማስቀመጥ እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1999 የማርማራን አካባቢ ያወደመው የመሬት መንቀጥቀጥ ካለፈ በኋላ፣ የእስራኤልና የቱርክ ባለሙያዎች ሥራውን ለክፍል መምህራኑ ራሳቸው ሰጡ። መምህራኑ ሠለጠኑና በየክፍላቸው ስለ ደረሰው ነገር፣ ስለ ፍርሃት፣ ስለ ሐዘን ከልጆቹ ጋር ሠሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ በተደረገው ክትትል የትራውማው ምልክት መጠን ፕሮግራሙን ባገኙትና ባላገኙት ልጆች ተቀራራቢ ነበር። ማን ፕሮግራሙን እንደወሰደ የማያውቁ መምህራን ሲጠየቁ ግን፣ ፕሮግራሙን ያገኙት ልጆች በትምህርት፣ ከሰው ጋር ባላቸው ግንኙነትና በጠቅላላ ጸባያቸው ተሽለው ተገኙ። በሎስ አንጀለስ ባለሙያው ሕመሙን አቀለለ፤ የክፍሉ ኑሮ በዚያው አልተለወጠም። በቱርክ መምህሩ የክፍሉን ኑሮ አቃና፤ ሕመሙ ግን በዚያው አልጠፋም። ሁለት ጥናቶች ሁሉን አይዘጉም፤ እኔ ግን አንዱ ሥራ ሌላውን እንደማይተካ ከነሱ እረዳለሁ። ሕክምናው ለጥቂቶች በባለሙያ የሚሰጥ ነው፤ የክፍሉ አያያዝ ለሁሉም ልጅ ነው፤ የትምህርት ቤቱ የራሱ ሥራም ይኸው ሁለተኛው ነው።

ሕክምናውም ቢሆን ልጁ ባለበት መገኘት እንዳለበት የአሜሪካዋ ከተማ የኒው ኦርሊየንስ ልምድ ያስረዳል። ካትሪና አውሎ ነፋስ ከተማዋን ክፉኛ ከጎዳ በኋላ ልጆች በዕጣ ከፊሉ በትምህርት ቤት፣ ከፊሉ በክሊኒክ እንዲታከሙ ተመደቡ። ሕክምናው በሁለቱም ቦታ ረድቷል። ነገር ግን በትምህርት ቤት የተመደቡት 98 በመቶ ሲጀምሩ፣ ክሊኒክ የተላኩት የጀመሩት 37 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ አውቶቡስ ባለበት ከተማ ነው። ሳይካትሪስት ለማግኘት ከወረዳ ተነስቶ ትልቅ ከተማ መድረስ ለሚጠበቅበት የገጠር ልጅ ልዩነቱን መገመት አይከብድም።

መላው ትምህርት ቤት ለትራውማ ንቁ ይሁን የሚለው እንቅስቃሴ በአሜሪካ በሰፊው ተስፋፍቷል። ብዙ የሚጠቀሰው በዋሽንግተን ግዛት ዋላ ዋላ ከተማ የሚገኘው ሊንከን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ርዕሰ መምህሩ ጂም ስፖርሌደር ጥፋተኛውን ወዲያው ከማገድ ይልቅ ቁጭ ብሎ ማነጋገርን ሲያስለምድ፣ ተማሪዎች በእገዳ የሚያጡት ቀን በአንድ ዓመት ውስጥ ከ798 ወደ 135 ወረደ። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ነገር ግን የአንድ ትምህርት ቤት ታሪክ ነው፣ የሚነጻጸር ሌላ ትምህርት ቤትም አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2019 ተመራማሪዋ ብራንዲ ሜይናርድና ባልደረቦቿ እንዲህ ያሉ አቀራረቦችን የገመገሙ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያበጥሩ፣ መስፈርታቸውን ያሟላ አንድም አላገኙም። ስለዚህ ውድ የሥልጠና ጥቅል ይዞ ለሚመጣ ድርጅት ማስረጃውን መጠየቅ ተገቢ ነው።

አለንጋን ለመተው ግን ጥናት መጠበቅ አያስፈልግም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ አድርጓቸዋል። አርጩሜና ማንበርከክ ግን አሁንም አሉ። በዱላ መካከል ላደገ ልጅ የመምህሩ ዱላ የሚያስተምረው ትምህርት ቤትም እንደ ቤቱ መሆኑን ብቻ ነው። «ወላጅ አምጣ» የሚለውም ሳይሰረዝ ሊሻሻል ይችላል። መጀመሪያ የክፍል ኃላፊው መምህር ልጁን ለብቻው፣ ከጓደኞቹ ፊት ሳይሆን፣ «ቤት ማን አለ? ማን ቢመጣ ይሻልሃል?» ይበለው። ታላቅ እህት፣ ጎረቤት፣ የንስሐ አባት ወይም የመስጊድ ኢማም ሊሆን ይችላል። እስኪመጡም ልጁ ክፍል ውስጥ ይማር።

ሌላው ነገር ቀላል ይመስላል፦ ቀኑ የሚገመት ይሁን። ፈረቃ ሲቀየር፣ መምህር ሲቀር፣ ፈተና ሲዛወር አስቀድሞ በሰልፍ ላይ መንገር፤ ከበር አጠገብ መቀመጥ የሚፈልገውን ልጅ እዚያው መተው፤ ደወሉ ወይም ርችት የሚያስደነግጠውን ማወቅ። ከ60 በላይ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ይህን የሚሠራ መምህር ብዙ እንደተጠየቀ አውቃለሁ። ምግብም ከዚሁ ይቆጠራል፤ አዲስ አበባ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የጀመረችው ምገባ ለራበው ሆድ ብቻ ሳይሆን ነገ ይኖር ይሆን ለሚል ስጋትም መልስ ነው። በተቃራኒው ልጅን በድርሰት ርዕስ ሰበብ «ያየኸውን ጻፍ» ብሎ ማስገደድ፣ ወይም እንግዳ ሲመጣ ቆሞ እንዲተርክ ማድረግ፣ በመልካም ሐሳብ የሚደረግ ጉዳት ነው። ልጁ ራሱ ሲያወራ መስማት እንጂ ማስወራት የመምህር ሥራ አይደለም። ወሲባዊ ጥቃት ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከተሰማ ግን «ለማንም አልናገርም» ብሎ ቃል መግባት አይገባም፤ መምህሩ ለማን፣ በየትኛው ስልክ፣ በዚያው ቀን እንደሚያሳውቅ አስቀድሞ ተጽፎ ሊሰጠው ይገባል።

ይህ ሁሉ የሚያርፈው መምህሩ ላይ ነው። የቱርኩ ሥራ የተጀመረው ከመምህራኑ ነበር፤ እነሱም ከዚያው ፍርስራሽ የወጡ ሰዎች ነበሩና። የትግራይ መምህራን ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው ጦርነት ለብዙ ወራት ያለ ደመወዝ ቆይተዋል፤ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶቻቸው ተጎድተዋል ወይም ፈርሰዋል፣ ከተረፉትም አንዳንዶቹ የተፈናቃይ መኖሪያ ሆነዋል። በአማራ ክልልም ግጭቱ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ መምህራንም ከሁለት ወገን ስጋት መካከል ቆመው አስተምረዋል። ራሱ ሌሊት የማይተኛ መምህር የልጁን እንቅልፍ ማጣት በትዕግሥት ይይልኝ ማለት ከባድ ነው። ስለዚህ በየትኛውም የድጋፍ ዕቅድ ውስጥ ደመወዝ በጊዜው መክፈል፣ ሐዘን የደረሰበትን መምህር ክፍለ ጊዜ በባልደረቦቹ ማስሸፈን፣ በሳምንት አንድ ሰዓት መምህራን ስለ ከበዷቸው ተማሪዎች የሚመካከሩበት ጊዜ በፕሮግራም መያዝ ከልጆቹ ሥልጠና እኩል መጻፍ አለባቸው። ያ ሰዓት የግምገማ ስብሰባ መሆን የለበትም፤ ቃለ ጉባኤ ሲያዝበት ማንም ልቡን አይከፍትም።