በሥራ አስኪያጅ ስም ስለሚጻፍ የእርዳታ ደብዳቤ

በኮልፌ 18 ማዞሪያ የብርድ ልብስና የጨርቃ ጨርቅ ንግድ ለሚያካሂድ ሰው የሚደርሱት ደብዳቤዎች ሁሉ ስለ ዋጋና ስለ ጭነት ብቻ የሚናገሩ አይደሉም። ከባንክ፣ ከጉምሩክና ከትራንዚት ሠራተኛው በሚመጣው ወረቀት መካከል የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የእርዳታ ጥያቄም ይገኛል። ከነዚህም ውስጥ የአእምሮ ሕሙማንን የሚረዱ ድርጅቶች የሚልኩት ጥቂት አይደለም። ይህም የሚያስገርም አይደለም፤ በጣልያን ወረራ ዘመን በ1930 ዓ.ም. የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ከሰፈራችን ወደ መርካቶ ሲኬድ ሩቅ አይደለም፤ የገፈርሳው የማገገሚያ ማዕከልም የሚገኘው በዚሁ በከተማው ምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ ነው። መድኃኒቱን ተቀብሎ የሚመለሰው ሰው በሱቃችን በር ያልፋል።

እኔ የነጋዴ ጸሐፊ ነኝ። ሥራዬም ለአሠሪዬ የሚመጣውን ደብዳቤ አንብቤ ፍሬ ነገሩን ማስረዳትና መልሱን ማዘጋጀት ነው። ከዚህም ሌላ፣ ስሙን መጥቀስ የማያስፈልግ አንድ የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማኅበር ለሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ እንድጽፍ ጠይቆኝ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ጥቂት ዓመታት ረድቻለሁ። ይህን ዐይነቱን ደብዳቤ ከላኪውም ከተቀባዩም ወገን ሆኜ ስላየሁት፣ የታዘብሁትን ለክቡራን አንባብያን ልገልጽ እወዳለሁ።

ሥራ አስኪያጁ የሕክምና ባለሙያ ስለ ነበሩ የሚሰጡኝ ረቂቅ በእንግሊዝኛ ቃላት የተሞላ ነበር። ስኪዞፍሬንያ፣ ባይፖላር፣ ሳይኮሶሻል የሚሉት ቃላት ለሐኪሞች ጉባኤ ተገቢ ናቸው፤ ባለ ሱቁ ግን ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ወረቀቱን ያስቀምጠዋል። የሕመሙን ስም መደበቅ አያስፈልግም፤ ከስሙ ቀጥሎ በሰውየው ላይ የሚያደርሰውን መጻፍ ይገባል እንጂ። እንቅልፍ ያጣል፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፣ ሥራውን ይተዋል፣ ከቤተ ሰቡ ይርቃል። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ሕመሙ ሊያገረሽ እንደሚችል ከተገለጸለትም ነጋዴ ፈጥኖ ይረዳዋል። ብዙው መድኃኒት ከውጭ የሚመጣ ስለ ሆነ፣ የውጭ ምንዛሪ ያጠረ ዕለት ምን እንደሚከተል ለአስመጪ ማብራራት አያስፈልግም።

ስለ ቁጥርም እንዲሁ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከ8 ሰዎች አንዱ የአእምሮ ሕመም እንደ ነበረበት የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ይህ አንድ ጊዜ ተጠቅሶ ቢያልፍ መልካም ነው፤ ሲደጋገም ግን ነጋዴውን «እንግዲህ የኔ አንድ ቦንዳ ብርድ ልብስ ምን ሊያደርግ ነው?» ያሰኘዋል። «ለ30 አልጋ የሚሆን ብርድ ልብስ ጎድሎናል፤ ክረምቱ ሳይገባ እስከ ግንቦት መጨረሻ እንፈልገዋለን» የሚል ዐረፍተ ነገር ግን መጋዘኑን እንዲያስብ ያደርገዋል።

ጸሐፊው የቱንም ያህል ቢያሳምር ፊርማው የሥራ አስኪያጁ ነው። አንድ ነጋዴ በመንገድ አስቁሟቸው «እንዲህ ብለው ጽፈውልኝ አልነበረምን?» ቢላቸው መልስ የሚሰጡት እርሳቸው ናቸው። ስለዚህ ደብዳቤውን ከመፈረማቸው በፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላቸው ነበር። በራሳቸው አንደበት ሊናገሩት የማይደፍሩት ቃል ሲገጥማቸው በእጃቸው ምልክት ይሰጡኛል፤ እሱ ይሰረዛል። እጅግ የተሰረዙትም ያማሩ ናቸው ብዬ የማስባቸው ነበሩ።

ከሁሉ የከበደው ግን የሕመምተኛው ክብር ነገር ነው። የማኅበሩ አንዳንድ የቦርድ አባላት በሰንሰለት የታሰረ ሕመምተኛ ፎቶግራፍ ከደብዳቤው ጋር ቢላክ ገንዘብ ያመጣል ይሉ ነበር። እውነት ነው፤ ያመጣል። ከፊቱም ጋር አንድ ጊዜ ተልኮ ነበር። ከዓመት በኋላ በፎቶግራፉ ላይ የነበረው ወጣት ተሽሎት፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እየወሰደ፣ በአንድ መጋዘን የዕቃ ቆጣሪነት ሥራ ለመጠየቅ ሄደ። የመጋዘኑ ባለቤት ገና ከበር ሲያየው «በወረቀቱ ላይ ያለኸው አንተ አይደለህምን?» አለው። ሥራውንም ሳያገኝ ቀረ። ያ ባለቤት ለማኅበሩ ገንዘብ ከሰጡት አንዱ ነበር። ሰውየው ክፉ ሰው ነው ለማለት አይቻልም፤ እኛ የላክንለትን ወረቀት አምኖ ነው። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲሰሙ የማንም ሕመምተኛ ፊት ከእንግዲህ ከደብዳቤ ጋር እንዳይወጣ አዘዙ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም የሰውን የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚያሻቸው መረጃዎች ቈጥሮታል።

«እብድ» የሚለው ቃል ከደብዳቤ መውጣቱ ግልጽ ነው። «ምስኪን» የሚለውን ግን ብዙዎች መልካም ቃል አድርገው ይጽፉታል፤ እኔ አልወደውም፤ ነገ የሥራ ባልደረባችን ለሚሆን ሰው አይመችም። ቤተ ሰቡ በሽተኛውን ወደ ጠበል ወይም ወደ ሼኹ ወስዶት እንደ ሆነም ደብዳቤው ይህን ማንቋሸሽ የለበትም፤ አንባቢውም የራሱን ወንድም እንዲሁ አድርጎ ይሆናልና። ሐኪሙም አብሮ እንዲያየው መምከር ይበቃል።

አጭር ቃል ምን እንደሚሠራ ለማየት፣ በ2002 ዓ.ም. በአቶ ቢኒያም በለጠ የተመሠረተውን የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል መመልከት ይቻላል። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው መፈክሩ ስድስት ቃል ብቻ ነው፤ አንድም የሕክምና ቃል የለበትም፤ ከታክሲ ረዳት እስከ አስመጪ ድረስ በቃሉ የሚያውቀው ብዙ ነው።

የሚላክበትም ጊዜ ሊታሰብበት ይገባል። የብዙዎቻችን የሒሳብ ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ በሐምሌ ነጋዴው ስለ ግብር እንጂ ስለ ልግስና አያስብም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለአገር ውስጥ የበጎ አድራጎት ድርጅት የተሰጠ ስጦታ፣ ከግብር ከፋዩ ግብር የሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪ እንዲያዝ ፈቅዷል። አዋጁ ከዚያ ወዲህ ስለ ተሻሻለ ዝርዝሩን ከሒሳብ ሠራተኛ ጋር መነጋገር ይገባል፤ ደብዳቤው ግን በሚያዝያ ቢደርስ ነጋዴው ለመወሰን ጊዜ ያገኛል። በኮልፌ ካሉት ሙስሊም ነጋዴዎችም ብዙዎቹ ዘካቸውን የሚያወጡት በረመዳን ስለ ሆነ፣ ጸሐፊው ወሩ ከመግባቱ በፊት መጻፍ አለበት።

ደብዳቤ የሚደርሰው ነጋዴም የሚጠይቀው አለው። ድርጅቱ መመዝገቡን የሚያሳይ የምስክር ወረቀት፣ ሕጋዊ ደረሰኝ፣ የተመረመረ ሒሳብ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ስለ ደነገገ፣ ይህን ሳይጠየቅ በአንድ መስመር የሚገልጽ ሥራ አስኪያጅ ብዙ ጥርጣሬን ያስወግዳል።

የምስጋና ደብዳቤ በጣም የተናቀ ነው። ብዙ ድርጅት ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ማኅተም ያለበት አንድ ዐይነት ወረቀት ለሁሉም ይልካል። የኛ ሥራ አስኪያጅ ግን የተሰጠው ብርድ ልብስ በየትኛው ቀን እንደ ደረሰ፣ ስንቱ ለወንዶች ስንቱ ለሴቶች ክፍል እንደ ታደለ፣ የቀረም ካለ የት እንደ ተቀመጠ እንድጽፍ ያደርጉኝ ነበር። አሠሪዬ እንዲህ ያለው ደብዳቤ ሲደርሳቸው ከደረሰኙ ጋር አያይዤ በፋይል እንዳስቀምጠው ያዙኛል፤ አዲስ ጥያቄ የመጣ ዕለትም አስቀድመው የሚያስወጡኝ ይህንኑ ፋይል ነው።