ቶሉይን፦ በቲነር ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ተን

ቶሉይን ከድፍድፍ ነዳጅና ከድንጋይ ከሰል የሚገኝ፣ ውሃ የሚመስልና ሽታው የሚሰነፍጥ ተቀጣጣይ ፈሳሽ ሲሆን፣ ውሃ የማያስለቅቀውን ቅባት፣ ሙጫና ቀለም ስለሚያሟማ ኬሚስቶች አሟሚ ከሚሏቸው ፈሳሾች በብዛት ከሚሠራባቸው አንዱ ነው። በጅግጅጋም ሆነ በቶጎ ውጫሌ፣ በቀብሪበያህ፣ በሽንሌና በኤረር ይህን ፈሳሽ በስሙ ጠርቶ የሚገዛ ሰው እምብዛም አይገኝም፤ ነገር ግን የብረት በር የሚቀባው፣ የመኪና ቦዲ በኮምፕረሰር የሚረጨውና የቁም ሣጥን ቫርኒሽ የሚያቀጥነው ባለሙያ ቲነር ብሎ፣ ጫማ የሚጠግነውም ማስቲሽ ብሎ የሚገዛው ዕቃ ብዙ ጊዜ ይኸው ፈሳሽ ያለበት ነው። ቲነር ግን ድብልቅ ስለሆነና እንደ አምራቹ ዛይሊን፣ አሴቶን ወይም ሌላ አሟሚ ስለሚገባበት፣ በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ በውስጡ ያለውን ማወቅ አይቻልም።

ቶሉይን የሚመደበው አሮማቲክ፣ ማለትም ባለ መዓዛ፣ ከሚባሉት ሃይድሮካርቦኖች ወገን ነው። ሃይድሮካርቦን ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ብቻ የተሠራ ውህድ ሲሆን፣ ቶሉይን ሰባት የካርቦንና ስምንት የሃይድሮጅን አተሞች አሉት፤ ስድስቱ ካርቦኖች ተያይዘው ቀለበት ይሠራሉ፣ ሰባተኛው ከቀለበቱ ጋር ተያይዞ ወደ ውጭ ይወጣል። ወገኑ ባለ መዓዛ የተባለው ቀደምት አባላቱ ከዕጣንና ከሙጫ በመገኘታቸው ነው፤ ይህም ዕጣንና ከርቤ ለሚበቅሉበት ለሶማሌ ክልል አንባቢ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። የዐረብ ነጋዴዎች ከሱማትራ የሚመጣውን ሙጫ ሉባን ጃዊ፣ ማለትም የጃቫ ዕጣን፣ ይሉት ነበር፤ ስሙ በአማርኛ ልባንጃ፣ በአውሮፓውያን አፍ ደግሞ ቤንዞይን ሆነ። ጀርመናዊው ኬሚስት አይልሃርት ሚቸርሊኽ እ.ኤ.አ. በ1833 ከዚህ ሙጫ አሲድ ያገኘውን ፈሳሽ ቤንዚን ብሎ ሰየመው፤ ፈሳሹም ማይክል ፋራዴይ በ1825 ከመብራት ጋዝ ዝቃጭ ለይቶት የነበረው ነው። ስሙ ውሎ አድሮ ለመኪና ነዳጅ ተሰጥቶ ወደ አማርኛም ስለገባ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ልባንጃና የማደያው ቤንዚን በስም ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው። የቶሉይን ስምም እንዲሁ የሽቱ ሙጫን ተከትሎ የመጣ ሲሆን፣ መነሻው በኮሎምቢያ የምትገኘው የቶሉ ከተማ ናት።

ይህ የስም ዝምድና ግን ከጉዳት አንጻር መለየት ያለባቸውን ሦስት ነገሮች ያደባልቃል። የማደያው ቤንዚን የብዙ ሃይድሮካርቦኖች ድብልቅ ነው፤ ሚቸርሊኽ የሰየመውና እዚህ ቤንዝን ተብሎ የሚጻፈው ባለ ስድስት ካርቦኑ ውህድ የአጥንት መቅኒን የሚጎዳና የደም ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው፤ ቶሉይን ደግሞ አንድ ካርቦን በመጨመሩ ብቻ በሰውነት ውስጥ ሌላ መንገድ ይይዛል። ጉበት ያን ትርፍ ካርቦን ከኦክስጅን ጋር አዋሕዶ ፈሳሹን ወደ ቤንዞይክ አሲድ፣ ማለትም በልባንጃ ውስጥ ወዳለው አሲድ፣ ይለውጠዋል፤ ከዚያም ሂፑሪክ አሲድ ሆኖ አብዛኛው ከሽንት ጋር ይወጣል። ስለዚህ ቶሉይን እንደ ቤንዝን በካንሰር አምጪነት አልተመደበም፤ የሚያጠቃው በዋናነት አንጎልንና ነርቭን ነው።

የቶሉይን አደጋ የሚጀምረው ከፈሳሹ ሳይሆን ከተኑ ነው። ፈሳሹ ወደ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ በእሳት ብልጭታ ሊያያዝ የሚችል ተን መስጠት ስለሚጀምር፣ የጅግጅጋ ቀን ቀርቶ የጥቅምትና የኅዳር ሌሊቷም ለዚህ በቂ ሙቀት አለው። ተኑ ከአየር ሦስት እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ወደ ጣሪያ አይወጣም፤ በወለል ላይ እየተሳበ፣ በበር ሥር እያለፈ እሳት ወዳለበት ይደርሳል፤ እሳቱም በመጣበት መንገድ ተመልሶ ቆርቆሮውን ያገኘዋል። በዚህ አካባቢ ደግሞ ከሰል ከወለል የሚርቅ ዕቃ አይደለም። ሶማሌዎች ዳብቃድ፣ ማለትም እሳት ተሸካሚ፣ የሚሉት የሸክላ ማጤሻ ኡንሲ ሲጨስበት የሚቀመጠው መሬት ላይ ነው፤ የቡና ምድጃውም ከእርሱ አይርቅም። በግቢው አንድ ጥግ በር እየተቀባ በሌላው ጥግ ማጤሻ ሲቀመጥ፣ ተኑ የሚሄደው ፍሙ ባለበት ከፍታ ላይ ነው።

ተኑ የሚቀጣጠለው በአየር ውስጥ ከ1.1 እስከ 7.1 በመቶ ሲሆን ነው፤ ከዚያ ካነሰ አይበቃም፣ ከበዛ ደግሞ ኦክስጅን ያጥረዋል። በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ በጅግጅጋ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በተከደነ ዕቃ ውስጥ ከፈሳሹ በላይ የሚጠራቀመው ተን በስሌት 3.5 በመቶ አካባቢ ይሆናል፤ ይህም ለመፈንዳት ከሚመቸው ወሰን መካከል ላይ ነው። የቤንዚን ተን በተከደነ ጀሪካን ውስጥ ብዙ ጊዜ ከላይኛው ወሰን ያልፋል (ይህ ቤንዚንን ደኅና አያደርገውም፤ ክዳኑ እንደተከፈተ አፉ ላይ ይቀጣጠላልና)፤ በጅግጅጋ አየር የቶሉይን ቆርቆሮ ግን ውስጡ ራሱ ለፍንዳታ የተዘጋጀ ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ባዶ የሚመስለው በርሜል ነው። ውሃ በሚያጥርበት አገር በርሜል አይጣልም፤ ተቆርጦ ምድጃ ወይም ገንዳ ይሆናል፣ ታጥቦ ውሃ ይጠራቀምበታል። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ውስጥ ያለው አየር ወደ ታችኛው የመቀጣጠያ ወሰን እንዲደርስ ተንኖ የሚያልቅ 8 ሚሊ ሊትር ያህል ቶሉይን ይበቃዋል፤ ይህም ሁለት የሻይ ማንኪያ የማይሞላ፣ በስፌቱ ውስጥ ተደብቆ ሊቀር የሚችል መጠን ነው። ተገልብጦ ደረቀ የተባለውን በርሜል ብየዳ ወይም ግራይንደር ሲነካው ክዳኑ የሚወረወረው በዚህ ምክንያት ነው። የአሟሚ በርሜል በእሳትም ሆነ በብልጭታ መቆረጥ የለበትም። ውሃ ለመያዝም አይሆንም፤ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ እስከ ግማሽ ግራም ቶሉይን ሊሟሟ ሲችል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 0.7 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። የተረፈ ቲነርም በብርካ፣ ማለትም የዝናብ ውሃ በሚጠራቀምበት ጉድጓድ፣ አቅራቢያ መደፋት የለበትም።

አንድ ሊትር ቶሉይን ሙሉ በሙሉ ቢተን በጅግጅጋ አየር 270 ሊትር ያህል ተን ይወጣዋል፤ ይህም ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነችን ክፍል ወደ ታችኛው የመቀጣጠያ ወሰን ያደርሳል፤ ወለሉ አካባቢ ደግሞ ቀድሞ ይደርሳል። የአካባቢው ነፋስ አቧራ ስለሚያነሣና አቧራው ትኩስ ቀለም ላይ ስለሚለጠፍ ቀለም ቀቢው በርና መስኮት ለመዝጋት ይፈተናል፤ ለሥራው ጥራት የሚያደርገው ጥንቃቄ ራሱን አደጋ ውስጥ ያስገባዋል። አየር ዝቅ ብሎ፣ በወለል በኩል፣ የሚወጣበት መንገድ መተው አለበት። ፈሳሹ ሲቀዳ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ስለሚፈጥር፣ በተለይ በደረቅ ወቅት፣ ከበርሜል ወደ ብረት ዕቃ ሲገለበጥ ሁለቱን በሽቦ አገናኝቶ ከመሬት ጋር ማያያዝና ቀስ ብሎ መቅዳት ይገባል።

ተኑን የሚስብ ሰው መጀመሪያ ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ እንደ ሰከረ ያደርገዋል፤ ለዓመታት ሲደጋገም የማስታወስና የመስማት ኃይል ይቀንሳል፤ በጆሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የግራይንደርና የመዶሻ ጩኸት ሲታከልበት ይብሳል። በፅንስ ላይም ጉዳት ያደርሳል። የጨርቅ ማስክ ተን አያስቀርም፤ የሚያስቀረው የተዘጋጀ ከሰል ያለበት ማጣሪያ ነው። እጅን በቲነር መታጠብም የቆዳውን ቅባት አጥቦ ለቁስል ይዳርጋል፤ ሳሙናና ዘይት ይሻላሉ።

በየከተማው ጎዳና ማስቲሽ የሚስቡ ልጆች የሚፈልጉት ይህንኑ የስካር ስሜት ነው። ረሃብንና ብርድን ለጊዜው ያስረሳል፤ ነገር ግን የልብን ምት አዛብቶ በአንድ አፍታ ሊገድል ይችላል፤ ያልገደለውንም የአንጎሉን ነጭ ክፍል ይበላዋል። ማስቲሽ ለልጅ የሚሸጥ ባለሱቅ ምን እየሸጠ እንደሆነ ሊነገረው ይገባል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪ ሠራተኛውን ስለ አደጋው እንዲያስተምርና መከላከያ እንዲያቀርብ ሲያስገድድ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ወጣት ሠራተኞችን ጤናን በሚጎዳ ሥራ ላይ ማሰማራትን ይከለክላል።

እሳት ከተነሣ ውሃ መድፋት አያጠፋውም፤ ቶሉይን ከውሃ ስለሚቀል ላዩ ላይ እየተንሳፈፈ ይስፋፋል። ደረቅ ዱቄት፣ አረፋ፣ ለትንሹ ደግሞ አሸዋ ይሻላል፤ አሸዋ በጅግጅጋ የሚቸግር ዕቃ ባለመሆኑ ባልዲ ሙሉ አጠገብ አለማኖር ሰበብ የለውም። የዋጠ ሰው እንዲያስመልስ መደረግ የለበትም፤ ፈሳሹ ወደ ሳንባ ከገባ ጉዳቱ ይብሳልና። ወተትም መድኃኒቱ አይደለም፤ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። አብዛኛው እንዲህ ያለ አደጋ ግን የሚጀምረው ቲነር በሃይላንድ ሲቀዳ ነው፤ መልኩ ውሃ ነው፣ ዕቃውም የውሃ ዕቃ ነው፣ የተጠማ ሕፃን ደግሞ የተጻፈ አያነብም። ስለዚህ ቲነር የሚሸጥም ሆነ የሚገዛ ሰው ፈሳሹን በመጣበት ቆርቆሮ ይተወው፣ በሃይላንድ አይቅዳ።