ዛሬ ትምህርት የለም

ባለፈው ኅዳር ሚካኤል፣ ዓርብ ጠዋት፣ የልጅ ልጄን ዩኒፎርሙን ሳይለብስ እሳት ዳር ተቀምጦ አገኘሁት። ጎበሳ በኅዳር ብርዱ አይጣል ነው፤ ገብሱ ክምር ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ያድራል። ተኝቶ ቢያረፍድ አልፈርድበትም ነበር። እሱ ግን ነቅቷል፣ ቁርሱንም በልቷል።

«ምነው አልለበስክም?» አልኩት።

«አኮ፣ ዛሬ ትምህርት የለም።»

«ማን አለ?»

«ማንም አላለም። ግን ማንም አይመጣም።»

ይህን መልስ የሰማሁ አያት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። ጋቢዬን ደርቤ፣ ልጁን አስለብሼ፣ እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ ወሰድኩት። ወጣቱ መምህር በሰዓቱ ተገኝቷል። ከ50 በላይ ተማሪ ካለበት ክፍል የመጡት ግን 14 ልጆች ናቸው። «ሲስተር፣ ለእነዚህ አዲስ ትምህርት ብጀምር ሰኞ ለቀሩት ከመጀመሪያው ልመለስ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ያለፈውን አስከልሶ፣ ጥቂት አስነብቦ፣ ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ አሰናበታቸው።

ይበልጥ ያስገረመኝ የጎረቤቴ ልጅ ነገር ነው። ቤተሰቧ ሙስሊም ነው፤ ሚካኤልን አያከብሩም። እናቷን ብጠይቃት «ክርስቲያኖቹ ካልመጡ አንማርም ብላ ቀረችብኝ» አለችኝ። ማንም ያላወጀው በዓል የማያከብረውን ልጅ ሳይቀር ከትምህርት አስቀርቷል ማለት ነው።

ሰባት ቀንና ሃያ ቀን

ነገሩን ለይተን እንየው። በሕግ የታወቁት ሃይማኖታዊ የሕዝብ በዓላት ስምንት ናቸው፦ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ስቅለት፣ ፋሲካ፣ መውሊድ፣ ዒድ አልፈጥርና ዒድ አልአድሐ፣ እኛ አረፋ የምንለው። ፋሲካ ሁልጊዜ እሑድ ስለሚውል የሚያዘጋው ትምህርት የለም። የቀሩት ሰባት ናቸው። ከእነሱም ውስጥ አንዳንዱ ቅዳሜ ወይም እሑድ፣ አንዳንዱም ክረምት ላይ ይውላል። ስለዚህ በሕግ የሚዘጋው ቀን በአንድ የትምህርት ዘመን ቢበዛ ሰባት ነው። ይህ አይበዛም። ልጅ ከወላጆቹ ጋር በዓሉን ሊያከብር፣ ዘመድ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ሌላው ሒሳብ ግን ወዲህ ነው። በየወሩ 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔዓለም፣ 29 ባለእግዚአብሔር አለ። አንድ ልጅ በወር ሦስቱን ብቻ እየመረጠ ቢቀር በ10 ወር 30 ቀን ይሆናል። ቅዳሜና እሑድ የሚውሉትን ብንቀንስ እንኳ ከ20 ቀን በላይ ይተርፋል። ያ አራት የትምህርት ሳምንት ነው። በዚህ ላይ ከተራው፣ በበዓልና በሰንበት መካከል የምትገባው አንዲት ቀን፣ ገበያው፣ አጨዳው ይጨመርበታል። አንዳንዴም እኛ ወላጆች ልጁን ለአጨዳ አስቀርተን ምክንያቱን ስንጠየቅ «በዓል ነበር» እንላለን። ታቦቱን የምናከብረው መስሎን ስሙን ለሰበብ እንጠቀምበታለን።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ሚካኤልንም አከብራለሁ። ይሁን እንጂ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ 2 ሰዓት ላይ ክፍል መግባት የሚችል ልጅ ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ኳስ ሲያባርር ሲውል፣ ያ ለመልአኩ የተደረገ ክብር ነው ብዬ ራሴን ማሳመን አልቻልኩም።

ዜሮ የተጻፈባት ጓደኛዬ

እነዚያ ሰባት ቀኖች በዋዛ የተገኙ እንዳልሆኑ ልጆቻችን ቢያውቁ ደግ ነው። በ1966 ዓ.ም. የ6ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። በዚያ ዘመን ትምህርት ቤት የሚዘጋው ለክርስቲያን በዓላት ብቻ ነበር። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት የመንግሥቱ ሃይማኖት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነበረችና የሙስሊሞች በዓል በመንግሥት መቁጠሪያ ውስጥ አልነበረም። አርሲ ግን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ አጥር የሚኖሩበት አገር ነው።

ከእኔ ጋር በአንድ ዴስክ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች፤ የክፍላችን ጎበዝ። በዚያ ዓመት አረፋ የዋለው በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ከገና ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ነው። ጓደኛዬ በዓሏን ለማክበር ቀረች። መምህራችን በዚያው ዕለት የሒሳብ ፈተና ሰጠን። ስትመለስ በስሟ ትይዩ ዜሮ ተጽፎ ጠበቃት። አላለቀሰችም። ደብተሯን አጥፋ ዝም አለች። ከጥቂት ቀን በኋላ ገና ሆነና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። እኔም ቤቴ ዋልኩ፣ እሷም ቤቷ ዋለች። የእኔ በዓል ለእሷም የዕረፍት ቀን ሆነላት፤ የሷ በዓል ግን ለራሷም አልሆነላትም። ያን ጊዜ ይህን በቃል መናገር አልችልም ነበር፤ ነገር ግን ልክ እንዳልሆነ ገብቶኝ ነበር።

ብዙም አልቆየ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞች ታላቅ ሰልፍ ወጡ። የደገፏቸው ክርስቲያኖችም አብረው ወጥተዋል። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ በዓላችን የሕዝብ በዓል ይሁን የሚል ነበር። በ1967 ዓ.ም. መውሊድ፣ ዒድ አልፈጥርና አረፋ በአዋጅ የሕዝብ በዓላት ሆኑ። ዛሬ የልጅ ልጄ «አረፋ ስለሆነ ዝግ ነው» ሲለኝ፣ ያች ዜሮ ትታየኛለች።

አንድ ሐሙስና አንድ ሰኞ

የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ የሙስሊም በዓላት በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደፊት እየቀደሙ ዓመቱን ሙሉ ይዞራሉ። አንዳንዴ ክረምት ላይ ይውላሉ፣ አንዳንዴ ፈተና ላይ ይወድቃሉ። 2008 ዓ.ም. ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አረፋ ሐሙስ መስከረም 13፣ መስቀል ደግሞ ሰኞ መስከረም 17 ዋለ። በመካከል የቀረችው የትምህርት ቀን ዓርብ ብቻ ናት። በእኛ ሰፈር በዚያ ዓርብ ቦርሳ ያዘለ ልጅ ያየሁት በጣት የሚቆጠር ነው። ሁለት ቀን የተሰጠው በዓል አምስት ቀን ሆነ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሾልኮ በመውጣቱ ግንቦት ላይ ተቋርጦ ወደ ሰኔ መጨረሻ ተዛወረ። ዒድ አልፈጥር ደግሞ ሰኔ 29 ነበር። የፈተናው ቀናት በዓሉን እንዲያሳልፉ ተደርገው ተስተካከሉ። ልጆቹ በተሰበረ ልብ ሳይሆን በዓላቸውን አክብረው ተፈተኑ። ሲታሰብበት ይቻላል ማለት ነው።

ያ የመስከረሙ ሐሙስ በሌላም አገር ታሪክ አለው። ያኔ ከ1 ሚሊዮን በላይ ተማሪ የነበራቸው የኒውዮርክ ከተማ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ለአረፋ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘጉት በዚያው ዕለት ነበር። እኛ በአዋጅ ከወሰንን 40 ዓመት አልፎን ነበር። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ፣ ሙስሊም ወላጆች በዓላችን በትምህርት መቁጠሪያው ይግባ ብለው ሲጠይቁ፣ የትምህርት ቦርዱ በ2014 እ.ኤ.አ. የሁሉንም ሃይማኖታዊ በዓላት ስም ከመቁጠሪያው አወጣ። ቀኖቹ ግን እንደበፊቱ ዝግ ሆነው ቀሩ፤ የአረፋው ጥያቄም በዚያ ውሳኔ አልተመለሰም። የእኛም ገና እዚያ የትምህርት ቀን ነው። ሆኖም በሜሪላንድ ልጅ ለሃይማኖቱ በዓል ሲቀር በፈቃድ እንደቀረ ይቆጠርለታል። በዚህ በኩል ከእነሱ የምንማረው አለን።

ዳተኛ ያደረገኝ ገብርኤል

ጤና ጣቢያ በዓል አይዘጋም። ምጥ ፋሲካ ነው ብሎ አይቆይም። እኛ ነርሶች ተረኝነት የምንካፈልበት ዘዴ ነበረን፤ ለፋሲካና ለገና ሙስሊሞቹ ይገባሉ፣ ለአረፋና ለፈጥር እኛ እንገባለን። ማንም ያዘዘን የለም። ዓመቱ ሲጀምር መቁጠሪያ ይዘን ቁጭ ብለን እንነጋገር ነበር። ማታም ተረኛዋ የበዓል ድርሻዋ በሳህን ይመጣላታል።

ይህን የማውቀው ሰው ሆኜ አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ። የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር የሚሰጠው ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነበር፤ በዋናነትም በየትምህርት ቤቱ፣ ምክንያቱም ልጆቹ በአንድ ላይ የሚገኙት እዚያ ነው። በአንዱ ዙር ፕሮግራሙን ስናወጣ ታኅሣሥ 19 ላይ አረፍን። ቀኑ በመንግሥት መቁጠሪያ የሥራ ቀን ነው፤ በሕዝቡ ዘንድ ግን የቁልቢ ገብርኤል ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት ያለበትን ክትባት በቀዝቃዛ ሳጥን ይዘን ገጠር ትምህርት ቤት ስንደርስ ግቢው ጭር ብሏል። ከተመዘገቡት የተገኙት ከግማሽ በታች ናቸው።

የቀሩትን ለማግኘት በኋላ ተመላልሰናል። ብዙዎቹን አገኘናቸው። አንዷን ግን አላገኘኋትም። ቤቷ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁ፤ ከጥምቀት በኋላ ለቤት ሠራተኝነት ወደ አዲስ አበባ ሄዳለች አሉኝ። እዚያ ተከትባ ይሆን? እንጃ። ዕለቱን የመረጥነው እኛ ነን፤ ልጅቷን ያስቀረው ልማዱ ነው፤ ዋጋውን የምትከፍለው ግን እሷ ልትሆን ትችላለች። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ያች ልጅ ከሐሳቤ አልወጣችም።

ምን እናድርግ?

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 27 ማንም ሰው ሃይማኖቱን በነፃነት እንዲይዝና እንዲያከብር መብት ይሰጣል፤ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል። ሁለቱን የምናስማማው እኛው፣ በየትምህርት ቤቱ ነው።

በመጀመሪያ፣ የወላጅ መምህር ኅብረት መስከረም ላይ ሲሰበሰብ መቁጠሪያ ዘርግቶ ይነጋገር። በሕግ የሚዘጉት እነማን ናቸው? በአካባቢው ልጅ የሚቀርባቸው ታላላቅ ቀኖችስ የትኞቹ ናቸው? በእነዚያ ቀኖች ፈተና አይሰጥ፣ ክትባትም አይያዝ።

ሁለተኛ፣ የጨረቃን ጠባይ እንወቅ። ፈጥር በትክክል የሚታወቀው በዋዜማው ማታ ነው፤ ስለዚህ ሊውልባቸው በሚችሉት በሁለቱም ቀኖች ፈተና አለመመደብ ነው። አረፋ ግን የወሩ ጨረቃ ከታየች በኋላ አሥር ቀን ቀድሞ ይታወቃል፤ «በድንገት ሆነብን» አያሰኝም።

ሦስተኛ፣ በእውነት ለአምልኮ የሚቀር ልጅ በዋዜማው ያስፈቅድ፤ ያለፈውን ትምህርትና ፈተና እንዲያካክስም ዕድል ይሰጠው። ዜሮ አይጻፍበት። ባልታወጀ በዓል የመጣው ደግሞ ይማር። 14 ልጅ ቢመጣ 14ቱን ማስተማር ነው። የመጣው ልጅ ባዶውን ከተመለሰ በሚቀጥለው ጊዜ አይመጣም፣ እኛም አስቀሪዎቹን አበዛን ማለት ነው።

አራተኛው የእኛ የአያቶች ሥራ ነው። በብዙ ቤት ጠዋት ልጁን የሚቀሰቅስ፣ ቀኑ ማን መሆኑንም የሚነግር አያት ነው። «ዛሬ ማርያም ናት» ስንል ቀጥለን «ስለዚህ ተሳልመህ ወደ ትምህርትህ ሂድ» ማለት እንችላለን። የልጆቹ ጆሮ ከመምህሩ ይልቅ ለእኛ ቅርብ ነው።

በማግሥቱ ቅዳሜ የጎረቤቴን ልጅ ቤት ጠራኋት። ከልጅ ልጄ ጋር አስቀምጬ በዚያ ዓርብ የተከለሰውን ሒሳብ አሠራኋቸው። የተጠበሰ ገብስ አቀረብኩላቸው። ሲጨርሱ ልጅቷ «እትዬ፣ ሲመጣ የሚሆነው ማርያም ትምህርት አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። መቁጠሪያውን አየሁ። ኅዳር 21 እሑድ ነበር።

«እሱስ የለም» አልኳት፤ «ሰኞ ግን አለ። ሁለታችሁም ትሄዳላችሁ።»