ድምፅ እንጂ ቃል የሌላቸው፦ ሙስሊሞችና ሽብር በፊልም ቋንቋ ውስጥ

ሙስሊሞች በሆሊውድ ፊልሞች የሚቀርቡበት መንገድ በአብዛኛው የተጠናው በቆጠራ ነው። ጃክ ሻሂን በ2001 ባሳተመው መጽሐፍ ከ900 በላይ ፊልሞችን መርምሮ፣ የአረብ ገጸ ባሕርያት በብዙዎቹ ውስጥ ጨካኝና ጠላት ሆነው እንደሚሳሉ አሳይቷል። በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የአነንበርግ የጥናት ቡድን ደግሞ በ2021 ባወጣው ዘገባ፣ ከ2017 እስከ 2019 ተወዳጅ በነበሩ 200 ፊልሞች ውስጥ 8,965 ተናጋሪ ገጸ ባሕርያትን ቆጥሮ፣ ሙስሊሞቹ 1.6 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ገልጿል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቁጥሮቹ ጠቃሚ ናቸው፤ ሆኖም ለቋንቋ አጥኚ «ተናጋሪ» የሚለው ቃል ራሱ ጥያቄ ያስነሣል። በሠንጠረዥ ላይ አንድ ጊዜ የጮኸውም ሐሳቡን በሙሉ ዓረፍተ ነገር የገለጸውም እኩል አንድ ተብለው ይቆጠራሉ። ስለዚህ «ማን ተናገረ?» ከሚለው ቀጥሎ «የማን ንግግር ትርጉም ይዞ ከተመልካቹ ዘንድ ደረሰ?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን የሚመረምረው ታሪካቸው በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ በሚፈጸም ሦስት ፊልሞች አማካይነት ነው።

1. ሦስት የንግግር ደረጃዎች

በእንግሊዝኛ ፊልም ውስጥ የሌላ ቋንቋ ተናጋሪ የሆነ ገጸ ባሕርይ ከሦስት መንገዶች በአንዱ ይሰማል። በመጀመሪያው፣ ንግግሩ ሳይተረጎም ይቀራል። በሁለተኛው፣ ባዕድነቱን በሚያጎላ ቅላፄ እንግሊዝኛ ይናገራል፤ ከወገኖቹ ጋር የሚነጋገርበት ቋንቋም ከፊልሙ ይጠፋል። በሦስተኛው፣ በራሱ ቋንቋ ይናገራል፤ ንግግሩም በግርጌ ትርጉም ይታጀባል።

ልዩነቱ የቴክኒክ ብቻ አይደለም። ምክንያት፣ ጥርጣሬና ቀልድ ካልተተረጎሙ አይገቡም፤ ቁጣና ጩኸት ግን ያለ ትርጉምም ይገባሉ። ስለሆነም ሳይተረጎም ከቀረ ንግግር ለተመልካቹ የሚተርፈው የስሜት ግለት ብቻ ነው። አስፈሪ ሕዝብ ለመፍጠር ክፉ ቃል መጻፍ አያስፈልግም፤ ማናገርና አለመተርጎም ይበቃል።

2. ከጩኸት ወደ ንግግር

የሪድሊ ስኮት «ብላክ ሃውክ ዳውን» በጥቅምት 1993 በሞቃዲሾ የተካሄደውን ውጊያ ይተርካል። ታሪኩ የጦርነት እንጂ የሽብር አይደለም፤ ነገር ግን ለዕይታ የቀረበው ከመስከረም 2001ዱ ጥቃት ጥቂት ወራት በኋላ በመሆኑ፣ ተመልካቹ ያየው በዚያው ስሜት ውስጥ ሆኖ ነው። ፊልሙ የተቀረጸው በሞሮኮ ሲሆን፣ ዋነኞቹ የሶማሌ ገጸ ባሕርያት የተሰጡት ሶማሌ ላልሆኑ የብሪታንያ ተዋንያን ነው። እነዚህ ጥቂቶች ከአሜሪካውያኑ ጋር በእንግሊዝኛ ይነጋገራሉ፤ የቀረው ሕዝብ ግን የጩኸት ማዕበል ሆኖ ይሰማል። ወታደሮቹ ሶማሌዎቹን የሚጠሩት «ቀጫጭኖቹ» እንደማለት ባለ የወል ቅጽል ነው። በመዝጊያው ጽሑፍም የሞቱት አሜሪካውያን ስማቸው ሲዘረዘር፣ የሞቱት ሶማሌዎች «ከ1,000 በላይ» ተብለው ይታለፋሉ። ለአንዱ ወገን የተጸውዖ ስም፣ ለሌላው ቁጥር ተሰጥቷል።

ፖል ግሪንግራስ በ2013 ያወጣው «ካፕቴን ፊሊፕስ» ግን የተለየ መንገድ ይከተላል። በ2009 በአንድ የአሜሪካ የጭነት መርከብ ላይ የደረሰውን ጠለፋ የሚተርከው ይህ ፊልም አራቱን ዋነኛ ጠላፊዎች የሰጠው ለሶማሌ አሜሪካውያን ነው። ከእነርሱ አንዱ የሆነው በርኻድ አብዲ ለኦስካር የረዳት ተዋናይነት ሽልማት ታጭቷል። በባሕር ዳርቻ በሚታየው ትዕይንት ላይ የሶማሊኛው ንግግር በግርጌ ስለሚተረጎም፣ ተመልካቹ ሰዎቹ በማን ታዘውና ምን ፈልገው ወደ ባሕር እንደወጡ ይረዳል። የጠላፊዎቹ መሪም ከአልቃይዳ ጋር እንደማይገናኙ፣ ጉዳዩ የገንዘብ እንደሆነ በራሱ አንደበት ይናገራል። ይህ ንግግር ጠላፊውን ንጹሕ አያደርገውም፤ «ወንበዴ» እና «አሸባሪ» የሚሉትን ሁለት ስያሜዎች ግን ይለያል።

ጋቪን ሁድ በ2015 ያወጣው «አይ ኢን ዘ ስካይ» አንድ እርምጃ ይጨምራል። ናይሮቢ ውስጥ በኢስትሊ ሠፈር የሚኖር አንድ ሙስሊም አባት ለትንሿ ልጁ መጫወቻ ሠርቶላት፣ በአክራሪዎች ፊት እንዳትጫወትበት ያስጠነቅቃታል። በሙስሊሙና በአክራሪው መካከል ያለውን ድንበር የሚያሰምረው ተራኪው ወይም የውጭው መኮንን ሳይሆን፣ ለገዛ ልጁ የሚናገር አባት ነው።

3. የፍቺ መጥበብ

ሁለተኛው ጉዳይ የሃይማኖታዊ አባባሎች ዕጣ ነው። «አላሁ አክበር» በአዛን፣ በዕለታዊ ሶላት፣ በዒድ ማለዳ፣ እርድ ሲታረድ፣ በደስታም በሐዘንም ይባላል። በብዙ ፊልሞች ውስጥ ግን አባባሉ የሚሰማው ከፍንዳታ በፊት ብቻ ነው። ቃል የሚታወቀው በጎረቤቶቹ ነውና፣ ዘወትር ከአንድ ድርጊት ጋር የተጣመረ አባባል ፍቺው ይጠባል፤ አረብኛ ለማያውቅ ተመልካችም ማስጠንቀቂያ ይሆናል።

የዚህ ጥበት ውጤት ከሲኒማ አዳራሽ ውጭም ይታያል። በ2016 በሎስ አንጀለስ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከአጎቱ ጋር በስልክ በአረብኛ ሲነጋገር «ኢንሻአላህ» ማለቱን የሰማች ተሳፋሪ በመጠቆሟ ከአውሮፕላን እንዲወርድ ተደርጓል። ለዚህ ተጠያቂው ፊልም ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም አማርኛ ተናጋሪ ሙስሊሞች ነገ ሊያደርጉ ያሰቡትን ሲናገሩ የሚያስቀድሙት ይህ ቃል ለዛቻ መወሰዱ፣ የአባባሉ ሥነ ፍቺ በአድማጩ ዘንድ ምን ያህል እንደተዛባ ያሳያል።

ጽሑፍም ከዚህ ዕጣ አያመልጥም። «ሆምላንድ» ለተባለው ተከታታይ ድራማ በ2015 በርሊን በተሠራ የስደተኞች ካምፕ መድረክ ላይ አረብኛ የግድግዳ ጽሑፍ እንዲጽፉ የተቀጠሩ ሠዓልያን፣ ድራማው ራሱ ዘረኛ መሆኑን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ጽሑፉን ከአዘጋጆቹ ያነበበው አልነበረምና ሳይታረም ተላለፈ። አረብኛው እንደ ግድግዳ ቀለም እንጂ እንደ ቋንቋ አልታየም ነበር።

4. ለአካባቢው ቋንቋ አጥኚዎች

ከላይ የታየው ሥራው ለማን እንደሚቀር ያመለክታል። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ሳይተረጎም የቀረውን ሶማሊኛ፣ ስዋሂሊ ወይም አረብኛ መገልበጥና መተርጎም የሚችሉት የቋንቋዎቹ ተናጋሪዎች ናቸው። በኡጋንዳ በሉጋንዳ፣ በኬንያ በስዋሂሊ ፊልም ላይ እየደረቡ የሚተርኩ ተርጓሚዎችም የእንግሊዝኛው ቅጂ ዝም ባለበት ቦታ ምን እንደሚሉ መመዝገብ ይኖርበታል። የግርጌ ትርጉም የሌለበት እያንዳንዱ ደቂቃ፣ ማን እየተናገረና ምን እየተባለ እንደነበር ተጽፎ ሲቀመጥ፣ «ጩኸት» ተብሎ የታለፈው ምን ያህሉ ንግግር እንደነበር ይታወቃል።