ጎማ በመንገድ ላይ ሲተነፍስ

መኪና መንዳት የሚማር ወጣት ብዙ ነገር ይማራል። ወደ ኋላ መሄድን፣ በጠባብ ሥፍራ ማዞርን፣ በዳገት ላይ አቁሞ እንደ ገና ማስነሣትን አስተማሪው እየደጋገመ ያሳየዋል፤ እርሱም በፈተናው ቀን ይህንኑ ሠርቶ አሳይቶ መንጃ ፈቃዱን ይቀበላል። የተነፈሰ ጎማ እንዴት እንደሚለወጥ ግን ብዙውን ጊዜ የሚማረው ጎማው በተነፈሰበት ቀን ነው። ያም ቀን የሚመጣው ጎሚስታው በአጠገብ በሚገኝበት ከተማ ውስጥ ሳይሆን በገጠር መንገድ፣ ይልቁንም ሊመሽ ሲል ነው።

በተለይ በመሥሪያ ቤት መኪና የሚጓዙ ወጣቶች ይህ ሥራ የሾፌሩ ፈንታ እንደ ሆነ አድርገው ያስባሉ። ሾፌሩ ወርዶ ሲጎነበስ እነርሱ ጥላ ፈልገው ይቆማሉ፤ ሥራውን ጠጋ ብሎ የሚመለከት እንኳ ጥቂት ነው። ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም። እኔም ጥላ ሥር ከሚቆሙት አንዱ ነበርሁ።

የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ እኔና ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ለመሥሪያ ቤታችን ጉዳይ ከአዲስ አበባ ተነሥተን በአንድ አሮጌ የመስክ መኪና ወደ ደሴ እንጓዝ ነበር። ሾፌሩ በዚያ ሳምንት ታሞ ስለ ነበር ከመካከላችን መንጃ ፈቃድ ያለው እንዲነዳ ተወሰነ። እኛም ደስ አለን እንጂ ነገሩን አላሰብንበትም። ደብረ ብርሃንን አልፈን፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ጣርማበር ላይ ተራራውን በስተው ከሠሩት ዋሻ ወጥተን ወደ ደብረ ሲና መውረድ እንደ ጀመርን የኋላው የግራ ጎማ ተነፈሰ። ጊዜው ወደ ማታ ነው፤ ጭጋጉም ከገደሉ ሥር ወደ ላይ መውጣት ጀምሯል። ወዳጃችን ደንግጦ በዚያው ባለበት አቆመ፤ ይኸውም ቁልቁለቱ ላይ፣ ከመታጠፊያው ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ነበር።

የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ ማርሽም አስገባ። ክሪኩን አገባን፤ መኪናውም ተነሣ። ብሎኖቹን ፈትተን፣ ባልደረባችን ጎማውን በሁለት እጁ ይዞ ግማሽ ያህል ስቦ እንዳወጣው፣ መኪናው ያለ ምንም ድምፅ ወደ ፊት ሄደ። ክሪኩ ተጋደመ። ግማሽ የወጣው ጎማ ከሥር ተወትፎ መኪናውን ባያቆመው ኖሮ ወዴት እንደሚሄድ ማንም ሊገምት ይችላል፤ ከፊታችን ገደል ነበር። የባልደረባችን ቀኝ እጅ ግን በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ተያዘ። የመካከለኛ ጣቱ እስከ ዛሬ ድረስ አይታጠፍም።

ጥቂት ቆይቶ ከታች ወደ ላይ ይወጣ የነበረ የጭነት መኪና ደረሰና ቆመ። ሾፌሩ ጠና ያለ ሰው ነው። እጁን በጨርቅ ካሰረለት በኋላ መኪናችንን ዞሮ ተመለከተና፦

«ልጆቼ፣ ድንጋይ ሳታደርጉ ነው ያነሣችሁት?» ሲል ጠየቀን።

«ጋሼ፣ የእጅ ፍሬን ይዘናል፤ ማርሽም አስገብተናል» አልነው።

«ስታነሡት እኮ ሁለቱንም ፈታችኋቸው» አለን።

ይህ አነጋገር በዚያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። በኋላ ግን መካኒኮችን ጠይቄ፣ መጻሕፍትም አገላብጬ እንደ ተረዳሁት የሰውዬው ቃል ፍጹም እውነት ነው። የሞተሩ ኃይል በመኪናው ሥር በተዘረጋው ረጅም ዘንግ አማካይነት ወደ ኋላ ሄዶ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ወዳለው ዲፈረንሻል ይገባል። መኪና ሲታጠፍ በውጭ በኩል ያለው ጎማ በውስጥ በኩል ካለው የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ፣ የዲፈረንሻል ሥራ ሁለቱ ጎማዎች እያንዳንዳቸው በየፍጥነታቸው እንዲዞሩ መፍቀድ ነው። እንግዲህ መኪናው በማርሽ ታስሮ ሲቆም የሚታሰረው ዘንጉ ነው። ሁለቱም ጎማዎች መሬት ረግጠው ሳሉ ይህ ይበቃል። አንደኛው ከመሬት በተነሣ ጊዜ ግን፣ ዘንጉ ምንም ሳይንቀሳቀስ፣ በአየር ላይ ያለው ጎማ ወደ ኋላ እየዞረ መሬት የያዘው ወደ ፊት ለመዞር ይችላል። መኪናው በማርሽ እንደ ታሰረ ይሄዳል ማለት ነው። ማርሹን ራሱ በሚቀይር መኪና «ፒ» በሚለው ፊደል ላይ ማቆምም የሚያስረው የማርሹን ሳጥን ስለ ሆነ ከዚህ የተለየ አይደለም።

የእጅ ፍሬኑስ? በአብዛኞቹ አውቶሞቢሎች የእጅ ፍሬን የሚይዘው ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ብቻ ነው። ከነዚህ አንዱ ሲነሣ ሸክሙ ሁሉ ባንዱ ላይ ይቀራል። እንደ ጥንቱ ላንድ ሮቨር ባሉት አንዳንድ የመስክ መኪናዎች ደግሞ የእጅ ፍሬኑ የተሠራው ጎማዎቹን ሳይሆን ያንኑ ዘንግ እንዲይዝ ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለው መኪና አንድ የኋላ ጎማ ሲነሣ ማርሹም ፍሬኑም ባንድ ጊዜ ከንቱ ይሆናሉ። የእኛም ነገር ይኸው ነበር። እንግዲህ ከጎማ ሥር የሚደረገው ድንጋይ ወይም እንጨት የሾፌሮች ልማድ ብቻ ሳይሆን መኪናውን በእርግጥ የሚይዘው እርሱ ነው። የሚነሣው የኋላው ግራ ከሆነ የፊተኛው ቀኝ ጎማ ከፊትም ከኋላም ይደገፋል፤ በቁልቁለት ላይ ከሆነ ደግሞ መሬት የረገጡት ጎማዎች ሁሉ በቁልቁለቱ በኩል ይደገፋሉ። ድንጋዩ ክብ ሳይሆን ጠርዝ ያለው ቢሆን ይሻላል፤ ድቡልቡል ድንጋይ አብሮ ይንከባለላልና።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የሚቆምበት ሥፍራ ነው። ጎማ በሚተነፍስበት ጊዜ የነጂው የመጀመሪያ ሐሳብ ፍሬን መርገጥ ነው፤ የመጀመሪያ ስሕተቱም ይኸው ነው። መሪውን በሁለት እጁ አጥብቆ ይዞ፣ ከቤንዚን መስጫው ላይ እግሩን ቀስ ብሎ ቢያነሣ መኪናው በራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ በእርምጃ ያህል እየነዱ ቀጥ ያለ፣ ደልዳላና ጠንካራ ሥፍራ እስኪገኝ ድረስ መሄድ ይገባል። «ጎማውና ቸርኬው ይበላሻል» የሚል አይጠፋም። አዎን፣ ሊበላሽ ይችላል። ጎማና ቸርኬ ግን በሱቅ ይሸጣሉ።

በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ነጂው የቆመውን መኪና አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ ከዚያም በደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም 35 ሜትር ያህል ቢያስፈልገው፣ በጠቅላላው ከ55 ሜትር በላይ ሄዷል ማለት ነው። መንገዱ እርጥብ ቢሆን ደግሞ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ታዲያ ባለ ሦስት ማዕዘኑን የማስጠንቀቂያ ምልክት ከመኪናው ሥር አስጠግቶ ማቆም ምን ይጠቅማል? በመቶ እርምጃ ርቀት ላይ፣ መታጠፊያም ካለ ከመታጠፊያው ወዲያ ማዶ መቆም አለበት። አራቱም ፍሬቻዎች ይብራሉ። ተሳፋሪዎች ሁሉ ወርደው ከመንገዱ ውጭ ይቁሙ እንጂ ከመኪናው ኋላ ተሰብስበው ሥራውን አይመልከቱ፤ የጅራቱን መብራት የሚጋርደው ብዙውን ጊዜ ይህ ተመልካች ነው።

መኪናው ከመነሣቱ በፊት እያንዳንዱ ብሎን ግማሽ ዙር ያህል ወደ ግራ ይላላ። መኪናው በክሪክ ላይ እንዳለ የጠበቀ ብሎን መታገል መኪናውን መግፋት ማለት ነው። በአንዳንድ የጥንት የጭነት መኪናዎች የግራው ጎማ ብሎኖች የሚፈቱት ወደ ቀኝ ስለ ሆነ፣ ይህን የማያውቅ ሰው እየፈታ መስሎት ያጠብቃል። ክሪኩ የሚገባው ፋብሪካው ምልክት ባደረገበት ቦታ ነው፤ መሬቱ ለስላሳ ከሆነ ከሥሩ ሰፊ ጣውላ ይነጠፍለታል። የድንጋይ ክምር ግን ክሪክ መሸከም አይችልም፤ ድንጋይ ይሰነጠቃል።

ብልህ ሾፌሮች የሚያደርጉት አንድ ነገር አለ፤ እኔም ካየሁት ሁሉ እጅግ የወደድሁት እርሱን ነው። መኪናው እንደ ተነሣ ስኮርታውን አጋድመው በክሪኩ አጠገብ ከመኪናው ሥር ያስገቡታል። የተነፈሰው ጎማ ሲወጣ ደግሞ እርሱን በሥፍራው አጋድመው ስኮርታውን ያወጣሉ። ክሪኩ ቢወድቅ መኪናው የሚያርፈው በጎማው ላይ እንጂ በሰው እጅ ወይም እግር ላይ አይደለም። ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ አንድ ደቂቃም አይፈጅም። ያም ሆኖ ከሰውነት አንዳች ክፍል፣ እጅም ቢሆን፣ በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር መግባት የለበትም። ጎማው ከዝገት የተነሣ አልወጣ ካለም በክሪክ ላይ ሳለ አይነቅንቁት፤ መኪናውን መሬት አውርደው፣ ብሎኖቹ ላልተው እንዳሉ ጎማውን በእግር መምታት ይሻላል።

አዲሱ ጎማ ሲገባ የብሎኑ ሾጣጣ ጎን ወደ ቸርኬው ይዞራል። መጀመሪያ በእጅ፣ አንዱን አጥብቆ ወደ ጎረቤቱ ሳይሆን በትይዩ ወዳለው በመሄድ እያፈራረቁ ማጥበቅ ነው፤ አለዚያ ቸርኬው ባንድ ጎን ተጣብቆ በሌላው ይከፈታል። የመጨረሻው ማጥበቅ የሚደረገው መኪናው መሬት ከረገጠ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ወጣቶች ኃይላቸውን ለማሳየት በመፍቻው ላይ ሲቆሙ እናያለን። ለትናንሽ አውቶሞቢሎች ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው ከ100 እስከ 120 ኒውተን ሜትር ሲሆን፣ ይኸውም 30 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ ከ35 እስከ 40 ኪሎ ያህል መጫን ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲቆምበት እጥፍ ያህል ይሆናል፤ የብሎኑም ጥርስ ይበላሻል። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዙ በኋላ ወርዶ እንደ ገና መፈተሽ ይገባል። ብሎኑን ዘይት መቀባት ግን የተሳሳተ ደግነት ነው።

ስለ ስኮርታው ራሱ ጥቂት ልናገር። ስኮርታ፣ ክሪክ፣ ቸርኬ፣ ጎሚስታ የሚሉት ቃሎች ሁሉ ከጣሊያንኛ ወደ እኛ የገቡ ናቸው። ሕንዶች ግን ስኮርታን «ስቴፕኒ» ይሉታል። የጥንቶቹ አውቶሞቢሎች ትርፍ ጎማ ስላልነበራቸው ነጂው በመንገድ ዳር ተቀምጦ ጎማውን መጣፍ ነበረበት። በ1904 እ.ኤ.አ. በዌልስ አገር በላኔሊ ከተማ ዴቪስ የተባሉ ወንድማማቾች በተነፈሰው ጎማ ላይ የሚታሰር ትርፍ ጎማ አወጡ፤ ሱቃቸው የነበረበት የስቴፕኒ መንገድ ስም ለጎማው መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ስኮርታ ተቀምጦም አየር ያጎድላል። በወር አንድ ጊዜ የማይታይ ስኮርታ በችግር ቀን ሁለተኛ የተነፈሰ ጎማ ሆኖ ይገኛል። ዕድሜውንም በጎኑ ላይ ከታተመው ማወቅ ይቻላል፤ ከ«ዲ.ኦ.ቲ.» ፊደሎች በኋላ በመጨረሻ የሚገኙት አራት ቁጥሮች 3518 ቢሉ በ2018 እ.ኤ.አ. በ35ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ከ10 ዓመት በላይ የሆነው፣ መሬት ነክቶ ባያውቅም እንኳ፣ እንዲጣል ብዙ ፋብሪካዎች ይመክራሉ። ቀጭኑ ጊዜያዊ ስኮርታ ደግሞ እስከ ጎሚስታው ብቻ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ አይነዳበትም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በዝተዋል። ከእነዚህም ሆነ ከሌሎች አዳዲስ መኪናዎች ብዙዎቹ በስኮርታ ፈንታ ማሸጊያ ፈሳሽና ትንሽ ፖምፓ ብቻ ይዘው ይመጣሉ። ፈሳሹ የምስማር ቀዳዳ ይደፍናል፤ የጎማው ጎን ከተቀደደ ግን አይረዳም። መኪናውን የገዛ ሰው የኋላውን ክፍል ከፍቶ ምን እንዳለ ዛሬውኑ ቢያይ መልካም ነው። የኤሌክትሪኩ ባትሪ በወለሉ ሥር ስለ ተነጠፈ፣ ክሪኩን ከተመለከተው ቦታ ውጭ ማድረግ ባትሪውን መውጋት ሊሆን ይችላል።

ወደ ጣርማበር ልመለስ። የጭነት መኪናው ሾፌር በራሱ ክሪክና በራሱ ጣውላ ጎማችንን ለወጠልን። አራት ትልልቅ ድንጋዮችም ከጎማዎቹ ሥር አድርጎ ነበር። ሲጨርስ አመስግነነው፣ የባልደረባችንንም እጅ ለማሳከም ስለ ቸኰልን፣ ወዲያው ገብተን ሞተሩን አስነሣን። ሰውዬው ከፊታችን መጥቶ ቆመና እጁን አነሣ።

«ድንጋዮቹስ?» አለ።

ወደ ኋላ ዞረን አየን። አራቱም ድንጋዮች በአስፋልቱ ላይ፣ እኛ በነበርንበት ቦታ ተቀምጠዋል። ጭጋጉ መንገዱን ሸፍኖታል፤ ከላይም ከዋሻው በኩል የአንድ አውቶቡስ ጡሩምባ ይሰማ ነበር። ሁለታችን ወርደን እየተሯሯጥን አነሣናቸው። ባልደረባችንም በደኅናው እጁ አንዱን እየገፋ ወደ ቦዩ አወረደው።