የፈይሩዝ ቀለበት ለምን ቀለሙን ለወጠ?

አንዲት ተማሪዬ የእናቷን ቀለበት በመሐረብ ቋጥራ ይዛልኝ መጣች። አያቷ ከሐጅ ሲመለሱ ያመጡት፣ ሰማያዊ የፈይሩዝ ፈርጥ ያለው ቀለበት ነው። ከዓመታት በኋላ ፈርጡ ወደ አረንጓዴ ያደላና አንዲት ጎረቤት፣ «ይህ ድንጋይ ቀለሙን የሚለውጠው መከራ ሲመጣ ነው» ብለው እናትየውን ያስደነግጧቸዋል። ቤቱ ሰላም አጥቶ ሰነበተ። ጥቅምም ጉዳትም በአላህ እጅ እንጂ በድንጋይ እንዳልሆነ ልጅቱ በመድረሳ ተምራለች። «ግን መምህር፣ ታዲያ ለምን ተለወጠ?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

ውድ አንባብያን፣ መልሱ ያለው ድንጋዩ በተፈጠረበት መንገድ ላይ ነው። ፈይሩዝ ከፎስፌት ማዕድናት ወገን ነው። ለመፈጠር መዳብ፣ አሉሚኒየምና ፎስፈረስ ያስፈልጉታል። ሦስቱን ከየአለቱ ለቅሞ የሚያገናኛቸው ውኃ ነው። በደረቅ አገር አልፎ አልፎ የሚጥለው ዝናብ በአለት ስንጥቅ ይሰርጋል። መዳብና ድኝ ያለበትን ማዕድን ሲያገኝ ከአየር ጋር ሆኖ ይበላዋል፤ ውኃውም አሲድ ይሆናል። ይህ አሲድ ፌልድስፓር ከተባለው ማዕድን አሉሚኒየሙን፣ አፓታይት ከተባለው ደግሞ ፎስፈረሱን እያሟሟ ይወስዳል። ከዚያም ሁሉም በስንጥቁ ውስጥ ቀስ በቀስ ይረጋሉ። ቆፋሪዎች የሚያገኙት አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት ገጽ ብዙ ያልራቀ ቀጭን ሥር ነው። ለዓይን የሚታይ ክሪስታል ሠርቶ መገኘቱማ እጅግ ብርቅ ነው፤ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ የተገኘው በዚሁ የታወቀ ነው።

የጥንት ግብፃውያን ፈይሩዝን ከሲና በረሃ ያወጡ ነበር። በኢራን የኒሻፑር ማዕድን ግን እስከ ዛሬ ስሙ የገነነ ነው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አል-ቢሩኒም ስለ ከበሩ ድንጋዮች በጻፈው ኪታብ ውስጥ አንስቶታል።

ሰማያዊነቱ ከመዳቡ ነው። በአሉሚኒየሙ ቦታ ብረት ከገባ ከመጀመሪያው ወደ አረንጓዴ ያደላል። ታዲያ የእኛው ቀለበት ሰማያዊ ሆኖ ሳለ ምን ነካው? ፈይሩዝ በውስጡ ውኃ የያዘ፣ ለዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎችም ያሉት ድንጋይ ነው። ቅባት፣ ሳሙናና ሽቶ ይሰርጉበታል፤ ኃይለኛ ሙቀትም ያደርቀዋል።

«እናትሽ ቀለበቱን መቼ ያወልቁታል?» አልኳት።

ሳቀች። ወጥ ሲሠሩም፣ ልብስ ሲያጥቡም፣ ፀጉራቸውን ቅባት ሲቀቡም አያወልቁትም ኖሯል።

አሁን ቀለበቱ ወደ ጣታቸው ተመልሷል፤ ማድ ቤት ሲገቡ ግን መደርደሪያ ላይ ያኖሩታል። ሰማያዊነቱ አልተመለሰም።