ከእንገር እስከ እንቆቅልሽ፦ የሕፃናት አእምሮ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ቤቶች

ላም ስትወልድ ጥጃው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገሩን መጥባት እንዳለበት ለሱሉልታ ወተት አምራች ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። እንገር ያላገኘ ጥጃ በሽታን መቋቋም እንደሚያቅተው ከልምድ ያውቃል። ይሁንና ስለ ከብቱ ይህን ያህል የሚጠነቀቀው ማኅበረሰብ የእናትን ቢጫ እንገር ጎጂ ነው እያለ አልቦ ሲደፋ፣ በምትኩም ለአራስ ልጅ ቅቤ ወይም የስኳር ውኃ ሲያልስ ኖሯል። ልማዱ እየቀነሰ ቢመጣም ፈጽሞ አልጠፋም። ስለ ሕፃናት የአእምሮ ዕድገት ሲነገር ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ መዋዕለ ሕፃናትና ስለ ፊደል ቢሆንም፣ ጉዳዩ የሚጀምረው ከዚህ የመጀመሪያ ቀን ነው።

የሰው ልጅ አንጎል እንደ ፍጥነቱ የሚያድገው ከእርግዝና እስከ ሁለተኛው ዓመት ባለው ጊዜ ነው። በነዚህ ዓመታት በየሰከንዱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አዳዲስ የነርቭ ግንኙነቶች እንደሚፈጠሩ የዘርፉ ተመራማሪዎች ይገልጻሉ። ልጁ አምስት ዓመት ሲሞላው አንጎሉ በመጠን የአዋቂውን 90 በመቶ ያህል ደርሷል። በኦሮሚያ ክልል በሕዝብ ተሳትፎ የተገነቡት ቡኡራ ቦሩ ቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ልጆችን ከትምህርት ጋር በማስተዋወቅ ረገድ ትልቅ ሚና አላቸው፤ ስማቸውም የነገ መሠረት ማለት ነው። ነገር ግን ልጁ የትምህርት ቤቱን ደጃፍ ሲረግጥ የመሠረቱ አብዛኛው ክፍል በቤት ውስጥ ተጥሎ አልቋል።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉት ከተሞች መካከል ናቸው። አዲስ አበባን ከደቡብ ምዕራብ፣ ከምዕራብና ከሰሜን ይዘው፣ ግማሽ ጎናቸው እርሻ ግማሽ ጎናቸው ፋብሪካና የኪራይ ቤት ሆኖ ይኖራሉ። ለልጆች አስተዳደግ ይህ የራሱ ችግር አለው፤ የገጠሩ ሰፊ ደጅና ዘመድ አዝማድ እየራቀ ሲሄድ የከተማው መዋያና የመጫወቻ ስፍራ ገና በበቂ አልተተካም።

ወተቱ ወዴት ይሄዳል?

ከሱሉልታ ሜዳ የሚታለበው ወተት በየማለዳው ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። ለቤተሰቡ ገቢ ነውና ማንም ሊነቅፈው አይችልም። የሚያሳዝነው ግን ወተት አምራች በሆነ ቤት ውስጥ ሕፃኑ ቁርሱን በሻይ ሲበላ መታየቱ ነው። ሻይ ምግብ ላይ ሲጠጣ በምግቡ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ሰውነት በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል፤ የብረት እጥረት ደግሞ ደም ማነስን ከማስከተሉም በላይ የሕፃኑን ትኩረትና የመማር አቅም ያዳክማል። እንቁላሉም እንዲሁ ነው፤ ዶሮዋ በደጅ ትጥላለች፣ እንቁላሉ ገበያ ይወጣል። ከሚሸጠው ላይ ለልጁ በቀን አንድ ኩባያ ወተትና አንድ እንቁላል ማስቀረት ለብዙ አርቢ ቤተሰብ ከባድ ኪሳራ አይደለም። ላም ወይም ዶሮ ለሌለው የኪራይ ቤት ነዋሪ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ለእርሱ የሚቀርበው ምክር የልጁን ገንፎ ከእህልና ከጥራጥሬ ቀላቅሎ ማዘጋጀት፣ ጎመንና ካሮት አድቅቆ መጨመር፣ በተገኘ ጊዜም እንቁላል ማከል ነው።

ሕፃን እስከ 6 ወር ድረስ ከእናት ጡት በቀር ውኃም ቢሆን አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ተጨማሪ ምግብ ይጀመራል። በጾም ወራት በብዙ ቤት ድስቱና ማንኪያው እንዳይነካካ ተብሎ ለሕፃኑም እንቁላልና ወተት ይቀራል፤ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ የመጾም ግዴታ የለበትም። ለልጁ የራሱ ድስትና ሳህን ቢለይለት የቤቱ ጾም ሳይፈርስ ሕፃኑም ሳይጎዳ መዝለቅ ይቻላል።

ይህ ሁሉ የሚነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ5 ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶ የሚሆኑት ቀንጭረዋል። መንግሥት መቀንጨርን እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ያወጣውም በዚህ ምክንያት ነው። መቀንጨር ቁመት ማጠር ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ቀላል ነበር። በአምስት ክልሎችና ከተሞች 3,000 ያህል ልጆችን ለዓመታት የተከታተለው የያንግ ላይቭስ ጥናት በሕፃንነታቸው የቀነጨሩ ልጆች በኋላ በቃላትና በሒሳብ ፈተና ወደ ኋላ እንደሚቀሩ አሳይቷል።

በዚሁ ላይ ጨውም ይታሰብ። በደጋ አገር አፈሩ በዝናብ እየታጠበ አዮዲኑ ይቀንሳል፤ በነፍሰ ጡር እናት ላይ የሚደርስ የአዮዲን እጥረት እንቅርት ከማስከተሉ ባሻገር የፅንሱን አንጎል ይጎዳል። ስለዚህ አዮዲን የተጨመረበት ጨው መግዛት፣ ከጭስና ከፀሐይ አርቆ ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመር ይበጃል።

ንግግር ለሕፃን

ምግቡ ቢሟላም ብቻውን አይበቃም። በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረ ጥናት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ተመራማሪዎቹ 129 የቀነጨሩ ሕፃናትን መርጠው ከፊሎቹን ለሁለት ዓመት በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ያህል በቤታቸው አስጎበኙ። ጎብኚዎቹ የጤና ረዳቶች ሲሆኑ፣ ይዘውት የሚሄዱት መጫወቻ ከቤት ውስጥ ቁሳቁስ የተሠራ ነበር። ሥራቸው እናቲቱ ከልጇ ጋር እንዴት እንደምትጫወትና እንደምታወራ ማሳየት ነው። ከ20 ዓመት በኋላ እነዚያ ልጆች አድገው ሥራ ሲይዙ፣ ጉብኝቱን ካላገኙት የቀነጨሩ እኩዮቻቸው በአማካይ 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ያገኙ ነበር። መጫወቻ ገዝቶ ማቅረብ የማይችል ወላጅ ይህን ውጤት ልብ ሊለው ይገባል።

የዚህ አሠራር ቁልፍ ነገር መቀባበል ነው። ሕፃኑ ድምፅ ሲያሰማ ወይም በጣቱ ሲጠቁም አዋቂው ይመልስለታል፤ ከዚያም ዝም ብሎ የልጁን ምላሽ ይጠብቃል። አባባ ተስፋዬ ለአራት አስርት ዓመታት ገደማ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተረት ሲያወሩ ልጆችን ሰላም ብለው፣ የልጆቹ መልስ በመስኮቱ የሚሰማቸው ያህል ሆነው ይቀጥሉ ነበር። በቴሌቪዥን የተሠራጨው «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ም በአሻንጉሊቷ ቀጭኔ አማካይነት ልጆችን ይጠይቅና ያሳትፍ ነበር። ያም ሆኖ የቴሌቪዥን መስኮት የልጁን መልስ ሰምቶ ጥያቄውን ሊለውጥ አይችልም፤ ይህን የሚችለው ከጎኑ ያለ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህም የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በስልክም ሆነ በቴሌቪዥን ፊት ባይቀመጥ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለውም በቀን ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ ይመክራል። በቡራዩ ጠባብ ግቢዎች ውስጥ ስልክ ልጅ ማባበያ የሆነው ወላጅ ስለሰነፈ አይደለም፤ መኪና በሚበዛበት መንገድ ዳር ልጅ መልቀቅ ያስፈራል። መፍትሔው ሥራን ከጨዋታ ማቀላቀል ነው። ሽሮ የሚለቀም ከሆነ ልጁ ባቄላውን ከአተር እንዲለይ ማድረግ፣ ልብስ ሲታጠፍ ካልሲን ከጥንዱ እንዲያገናኝ መጠየቅ፣ እናት በአንቀልባ አዝላ ስትሠራ የያዘችውን ነገር ስም እየጠራች መንገር ምንም ወጪ የለበትም። ጠጠር በልጁ እጅ ቁጥር ይሆናል፤ ትንንሾቹ ወደ አፍ እንዳይገቡ ግን መጠበቅ ያስፈልጋል።

የአገራችን ጨዋታዎችም ለዚህ የተሠሩ ይመስላሉ። አኩኩሉ ልጁ የተሰወረ ነገር እንዳልጠፋ ያስተምረዋል፤ ዕቃ ዕቃ የሰውን ሚና ወስዶ ማሰብን፣ ገበጣ ቆጥሮ ማቀድን፣ ሰኞ ማክሰኞ ተራ መጠበቅን ያለማምዳሉ። ከእራት በኋላ የሚጠየቅ እንቆቅልሽ፣ በኦሮምኛም ሂቦ፣ ልጁ ያልታየን ነገር በምልክቱ እንዲያስብ ያስገድደዋል። በነዚህ ከተሞች ብዙ ቤተሰብ በኦሮምኛና በአማርኛ ይግባባል። ሁለት ቋንቋ ልጁን ያደናግረዋል የሚለው ስጋት በጥናት የተደገፈ አይደለም፤ ወላጅ አቀላጥፎ በሚናገረው ቋንቋ ማውራቱ ይበልጥ ይጠቅማል።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ ሳይነካ ሊታለፍ አይገባም። በብዙ ቤት ጨዋ ልጅ የሚባለው በታላላቆች ፊት የማይናገር፣ የማይጠይቅ ነው። ታላቅን ማክበር መልካም ነው፤ ነገር ግን «ለምን?» ሲል በቁጣ የሚመለስ ልጅ መጠየቁን ይተዋል። ቁንጥጫ፣ ግርፊያና በበርበሬ ጭስ ማጠንም ልጁን በፍርሃት ያኖሩታል፤ ዘወትር የሚፈራ አእምሮ ደግሞ ለትምህርት የሚተርፍ ጉልበት የለውም።

ጎህ ሲቀድ የምትወጣ እናት

ከሰበታ ፋብሪካዎችና ከአካባቢው የአበባ እርሻዎች የምትሠራ እናት ይህን ምክር ብትሰማም ጊዜ የላትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀን የተከፈለበት ፈቃድ ይሰጣል። ሕፃኑ ጡት ብቻ እንዲጠባ የሚመከርበት ጊዜ ግን 6 ወር ነውና መካከሉ ክፍት ይቀራል። እናት ጡቷን በንጹሕ ዕቃ አልባ መተው ትችላለች፤ በጥላ ቀዝቃዛ ቦታ ለጥቂት ሰዓታት ይቆያል። ልጁን የምትይዘው ብዙ ጊዜ ታላቅ እህት ናት፤ ይህ ደግሞ የእርሷን ትምህርት ይነካል። ጎረቤታሞች ተሰባስበው ለአንዲት የታመነች ሴት እየከፈሉ ልጅ ቢያስጠብቁ ሞግዚቷም ማውራትና ማጫወት እንዳለባት መንገር ይገባል፤ ልጁ ዝም ብሎ ዋለ ማለት በደንብ ዋለ ማለት አይደለም። አባትም ከዚህ ውጭ አይደለም። ማታ ከእርሻም ከፈረቃም ሲመለስ የሚያወራላት ተረት ከእናትየው እኩል ትቆጠራለች።

ዕድገቱ የዘገየ ልጅ ሲኖር «ወንድ ልጅ ንግግር ይዘገያል» ብሎ መጠበቅ ጎጂ ነው። በአንድ ዓመቱ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል፣ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል አያይዞ የማይናገር ወይም ይችለው የነበረውን የተወ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት፤ የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መንገዱን ታሳያለች። መጀመሪያ መታየት ያለበት ጆሮው ነው፤ ተደጋግሞ መግል የሚወጣው ጆሮ ንግግርን ያዘገያል፤ ይታከማልም። ማየት የማይችል ሕፃንም ከንግግርና ከመዳሰስ ይማራል፤ ሰበታ ለአስርት ዓመታት የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ይዛ የቆየች ከተማ በመሆኗ እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ወላጅ ምክር ለመጠየቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።